ካባው ከመከፈቱ በፊት ጅረቱን ማን ለካው?

ጅቡ ከላይ አህያዋ ከታች ሆነው ውሃ ሲጠጡ "አደፈረሽብኝ" ብሎ የተቆጣትን፣ እሷም "አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ" ያለችውን ተረት የማያውቅ የለም። በኛ በሰሜን ሸዋ አሁን አሁን የምሰማው ክርክር ግን ከተረቱም የከበደ ነው። ታች ያለው ገበሬ "ከላይ ቁፋሮው ከተጀመረ ወዲህ ውሃችን ደፈረሰ፣ ምንጫችንም ቀነሰ" ይላል፣ ላይ ያለው ድርጅት ደሞ "ድሮም ክረምት ክረምት ይደፈርስ ነበር፣ የቀነሰውም ዝናቡ ስለቀነሰ ነው" ይላል፣ ከዛ ኮሚቴ ይዋቀራል፣ ኮሚቴው ሄዶ አይቶ ይመለሳል፣ ማንም ማንንም ሳያሳምን ነገሩ ይንጠለጠላል። ሁለቱም ወገን የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል እኮ። የጎደለው ነገር አንድ ነው፣ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ጅረቱ ስንት ነበር፣ ውስጡስ ምን ነበረ የሚለው ቁጥር።

ማዕድን ይቁም ለማለት አይደለም ይሄን የምጽፈው። ሲሚንቶም ጠጠርም አሸዋም እንፈልጋለን፣ ልጆቻችንም ሥራ ይፈልጋሉ። ግን ከካባ፣ ማለትም ድንጋይ ከሚፈነቀልበት ቦታ፣ ወይም ከማዕድን በታች ያለ ውሃ እንዴት እንደሚለካ፣ ምን እንደሚለካና መቼ እንደሚለካ ሰው በደንብ ቢያውቀው ብዙ ጠብ እንደሚቀር፣ ብዙ ጉዳትም ገና ትንሽ እያለ እንደሚታይ አምናለሁ።

እስኪ መጀመሪያ መሬቱን እንየው። ጣርማ በር ላይ ቁሙ። ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ውሃ የሸዋ ሮቢትን ቆላ አቋርጦ ወደ አዋሽ ይሄዳል፣ ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ደሞ በበሬሳም በሉት በወንጪት ወንዝ በኩል ጀማ ገብቶ ዓባይን ይቀላቀላል። ማለትም እኛ ለሁለት ትልልቅ ወንዞች ራስጌ ነን፣ እዚህ የተበላሸ ውሃ የሚጎዳው እዚሁ ያለውን ሰው ብቻ አይደለም። ደጋው ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከፈሰሰ እሳተ ገሞራ የቀረ ባዛልት ነው፣ ጀማ ገደሉን ቆርጦ ሲወርድ ደሞ ከሱ ስር የኖራ ድንጋዩ፣ ጂፕሰሙና የአሸዋ ድንጋዩ ተራ በተራ ይገለጣል። ሲሚንቶ ፋብሪካዎች እዚህ አካባቢ የሚመጡት ለዚህ ነው፣ እንሳሮ ላይ መስከረም 2017 የተመረቀው ለሚ ናሽናል ሲሚንቶ በቀን 150 ሺህ ኩንታል እንዲያመርት ተብሎ ነው የተሠራው። ይሄ ሁሉ ኖራ ድንጋይና ሸክላ ከመሬት ነው የሚወጣው። የመንዝ ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ አለ፣ በሙሽ ሸለቆ ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ካላቸው የቅጠል ቅሪቶች ጋር የተቀበረ ከሰል አለ፣ በየመንገዱ ዳር የምናየው የድንጋይ ካባና ከወንዝ የሚዛቅ አሸዋ ደሞ ቤት ይቁጠረው። ሰው ስለ ውሃና ማዕድን ሲያወራ ትልልቁን ፋብሪካ ብቻ ነው የሚያስበው፣ እኔን የበለጠ የሚያሳስቡኝ ግን ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ትንንሾቹ ናቸው።

ከነዚህ ከአንዱ ካባ በታች ያለ አንድ ምንጭ አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም፣ የድርጅቱንም አልጠራም። እናቶች ጀሪካን ደርድረው የሚቀዱበት፣ ከብትም ትንሽ ወረድ ብሎ የሚጠጣበት ምንጭ ነው። ድማሚት መፈንዳት ከጀመረ ከሁለት ዓመት በኋላ "ውሃው ቀንሷል፣ ወረፋው ረዝሟል" የሚል አቤቱታ ተነሳ። አንድ ቀን ኅዳር ላይ ባለሙያ መጥቶ በጠርሙስ ቀድቶ ሄደ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ "ውጤቱ ከደረጃ በታች አይደለም" ተባለ። ሰዉ እኮ ቀነሰ ነው ያለው! ስለ መጠን ተጠይቆ ስለ ጥራት መለሱለት፣ መጠኑን የለካ አንድም ሰው አልነበረም። በጣም ነው የተናደድኩት፣ ግን ሳስበው ያ ባለሙያ ቢለካውስ ከምን ጋር ያወዳድረዋል? የድሮው ቁጥር የት አለ?

ምንጭ ለመለካት ደሞ የሚያስፈልገው አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና የስልክ ሰዓት ብቻ ነው። ውሃውን በቧንቧ ወይም በቆርቆሮ አሸንዳ ሰብስበህ ጀሪካኑ ስንት ሴኮንድ ውስጥ እንደሚሞላ ትቆጥራለህ፣ ሦስቴ ደጋግመህ አማካዩን ትወስዳለህ፣ በቃ። በ80 ሴኮንድ ከሞላ ምንጩ በሴኮንድ ሩብ ሊትር ይሰጣል ማለት ነው፣ በቀን 21,600 ሊትር። ለገጠር ነዋሪ በነፍስ ወከፍ በቀን 25 ሊትር የሚለውን መለኪያ ከያዝን ይሄ ለ864 ሰው ይበቃል። አሁን ያው ጀሪካን በ100 ሴኮንድ ቢሞላስ? በቀን 17,280 ሊትር ይሆናል፣ ለ691 ሰው። የ20 ሴኮንድ ልዩነት በዓይን አይታይም፣ ምንጩን ቆሞ ያየ ሰው "ያው ነው፣ ይፈሳል" ነው የሚለው፣ ግን የ173 ሰው ውሃ ሄዷል። ኮሚቴ አይቶ ሲመለስ ምንም የማይፈይደው ለዚህ ነው።

ጅረት ትንሽ ከበድ ይላል ግን እሱም አይከብድም። ቀጥ ብሎ የሚሄድ 10 ሜትር ያህል ቦታ ትመርጣለህ፣ ስፋቱን ትለካለህ፣ ጥልቀቱን አምስት ስድስት ቦታ ላይ በዱላ ትለካና አማካዩን ትይዛለህ፣ ከዛ አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚንሳፈፍ ነገር፣ ብርቱካን ቢሆን በጣም ጥሩ ነው፣ ለቀህ 10 ሜትሩን በስንት ሴኮንድ እንደጨረሰ ትቆጥራለህ። ስፋቱ 2 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ብርቱካኑ በ25 ሴኮንድ ከደረሰ ፍጥነቱ በሴኮንድ 0.4 ሜትር ነው፣ ላይ ላዩን ያለው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን በ0.85 ታባዛዋለህ፣ ከዛ በስፋቱና በጥልቀቱ ስታባዛው የመጨረሻው መልስ በሴኮንድ 100 ሊትር ገደማ ይመጣል። ስህተት የለበትም አልልም፣ አለበት፣ ግን በተመሳሳይ ቦታ በተመሳሳይ መንገድ በየሳምንቱ ከተሠራ ለውጡን በደንብ ያሳያል። አቅም ያለው ድርጅት ደሞ በቪ ቅርጽ የተቆረጠ ላሜራ ጅረቱ ላይ ተክሎ የውሃውን ከፍታ ብቻ ማንበብ ይችላል፣ ቁርጡ 90 ዲግሪ ከሆነ ውሃው 10 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በሴኮንድ ወደ 4.4 ሊትር፣ 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ደሞ ወደ 25 ሊትር ያልፋል። ልብ በሉ፣ ከፍታው እጥፍ ሲሆን ውሃው ከአምስት እጥፍ በላይ ነው የሚሆነው፣ "ትንሽ ነው ከፍ ያለው" የሚለው የዓይን ግምት ምን ያህል እንደሚያታልል ከዚህ ይታያል። ለትልቅ ወንዝ ዳር ላይ ሳንቲ ሜትር የተጻፈበት ሰሌዳ ይተከልና አንድ የአካባቢው ሰው ጠዋትና ማታ እያነበበ ይመዘግባል፣ ይሄ አገራችን ውስጥ ሲሠራበት የኖረ አሠራር ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም።

ለምንድነው ስለ መጠን ይሄን ያህል የማወራው? ምክንያቱም መጠኑን የማያውቅ ሰው ጥራቱንም አያውቅም። ምሳሌ ልስጣችሁ። ያ በሴኮንድ 100 ሊትር የሚፈሰው ጅረት በበጋ ሲመረመር በሊትር 0.5 ሚሊግራም ብረት ተገኘበት እንበል። ክረምት ላይ ሲመረመር 0.05 ሚሊግራም ብቻ ሆነ። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው "አስር እጥፍ ተሻሻለ" ይላል፣ ደብዳቤም ይጽፋል። ግን ነሐሴ ላይ ያ ጅረት በሴኮንድ 5,000 ሊትር ከሆነ በበጋ በቀን 4.3 ኪሎ ብረት ይዞ ይወርድ የነበረው ውሃ አሁን በቀን 21.6 ኪሎ ይዞ እየወረደ ነው ማለት ነው። ብሶበታል እንጂ አልተሻሻለም፣ የዝናቡ ውሃ ስላቀጠነው ነው ቁጥሩ ያነሰው። ስለዚህ ናሙና በተቀዳ ቁጥር በዛች ሰዓት ውሃው ስንት ነበር የሚለው አብሮ ካልተጻፈ የላብራቶሪው ወረቀት ግማሽ ወረቀት ነው። እኔ ያየኋቸው ብዙ ወረቀቶች ላይ ያ ቦታ ባዶ ነው።

አሁን ወደ ጥራቱ። ምን ይመርመር የሚለው እንደ ማዕድኑ ነው። የድንጋይ ካባና ኖራ ድንጋይ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ድፍርስነት ነው፣ አቧራውና የተገፋው አፈር በዝናብ ታጥቦ ይወርዳል። ከዛ ናይትሬት። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ለካባ የሚፈነዳው ነገር በአብዛኛው አሞኒየም ናይትሬት ያለበት ነው፣ ሳይፈነዳ የቀረውና የተበተነው በውሃ ይሟሟና ወደ ጅረትና ምንጭ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የናይትሬት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፣ ከሱ በላይ በተለይ በጡጦ ለሚመገቡ ጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው፣ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ግን ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሞረትና ጅሩ አካባቢ ያለ ስንዴ አምራች ገበሬም ዩሪያ ይበትናል፣ ከሱም ናይትሬት ይመጣል። ታዲያ ውሃ ውስጥ የተገኘው ከየትኛው ነው? ይሄን የሚመልሰው ከካባው በላይ የተቀዳ ናሙና ብቻ ነው። ከላይ በሊትር 8 ሚሊግራም፣ ከታች 9 ከሆነ ካባውን ማማት አይቻልም፣ ከላይ 8፣ ከታች 40 ከሆነ ደሞ ዩሪያ ነው ማለት አይቻልም።

ከሰል ላይ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከሰል ውስጥና ዙሪያው ባለው ድንጋይ ውስጥ ብዙ ጊዜ ብረትና ድኝ የያዘ ፓይራይት የሚባል ማዕድን አለ፣ መሬት ውስጥ ተቀብሮ እስካለ ምንም አያደርግም፣ ተቆፍሮ አየርና ውሃ ሲነካው ግን ድኙ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለወጣል። ጅረቱ ወለል ላይ ብርቱካን የመሰለ ዝቃጭ ይጋገራል፣ አሲዱ ደሞ ከድንጋዩ ሌሎች ብረቶችን እያሟሟ ይወስዳል። የውሃን አሲድነት የሚያሳየው ፒኤች ከ7 ወደ 4 ወረደ ሲባል ሰው ሦስት ቁጥር ብቻ ይመስለዋል፣ አሲድነቱ ሺህ እጥፍ ጨመረ ማለት እኮ ነው። ከዚህ የከፋው አንዴ ከጀመረ ማዕድኑ ከተዘጋ በኋላም ለአስርት ዓመታት መቀጠሉ ነው። ስለዚህ የትኛውም ከሰል ከመነካቱ በፊት ድንጋዩ ራሱ ስንት ድኝ እንዳለው ይመርመር፣ ውሃው እስኪበላሽ ሳይጠበቅ ማለት ነው።

እዚህ ጋ የኛን አካባቢ የሚመለከት አንድ ነገር አለ፣ ትንሽ ቢረዝምም ልናገረው። ኖራ ድንጋይ አሲድን ይገድላል። ጀማ ሸለቆ ውስጥ ፒኤች መለኪያ ብቻ ይዞ የሚዞር ሰው በተደጋጋሚ "7 ነው፣ ጤነኛ ነው" እያለ ሊመዘግብ ይችላል፣ ውስጥ ውስጡን ግን አሲዱ እየተፈጠረ ኖራው እያጠፋው ነው። ይሄ ሲሆን የሚጨምረው ከድኙ የሚመጣው ሰልፌት የሚባለው ጨውና ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ፣ ኮንዳክቲቪቲ የሚሉት ነው፣ ቀድመው የሚያስጠነቅቁት እነሱ ናቸው። በል እንግዲህ ሰልፌት እንለካ ስትል ደሞ ጂፕሰሙ ይመጣል። ጂፕሰም ራሱ ሰልፌት ነው፣ ምንም ማዕድን በሌለበት ቦታ ጂፕሰም ነክቶ የመጣ ምንጭ በሊትር ከ250 ሚሊግራም በላይ ሰልፌት ሊኖረው ይችላል፣ ጣዕሙም የሚታወቀው ከዛ አካባቢ ጀምሮ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ከቁፋሮ በኋላ ብቻ ሰልፌት ለክቶ "ማዕድኑ ነው ያበላሸው" ያለ ሰው ሊሳሳት ይችላል፣ "ተፈጥሮው ነው" ያለውም ሊሳሳት ይችላል፣ ሁለቱም የሚምሉት በማያውቁት ነገር ነው። ከሌላ አገር የተቀዳ ዝርዝር እዚህ ብቻውን አይሠራም የምለው ለዚህ ነው፣ የየጅረቱ የራሱ የበፊት ቁጥር ያስፈልጋል።

የበፊቱ ቁጥር ደሞ አንድ ቀን ሄዶ በመቅዳት አይገኝም። ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ያስፈልጋል፣ በጋውን፣ በልጉን፣ ክረምቱን። በተለይ ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ በጋውን ሙሉ ካባው ላይ የተከመረው አቧራና ጨው ሁሉ በአንዴ ነው የሚታጠበው፣ በዓመቱ ውስጥ ውሃው በጣም የሚቆሽሸው እነዛ ጥቂት ሰዓታት ሊሆኑ ይችላሉ፣ እኛ ግን ናሙና የምንቀዳው መንገዱ ደርቆ መኪና በሚገባበት ኅዳርና ታኅሣሥ ነው! በተጨማሪ ዝናብ መለኪያ ይኑር፣ ዋጋውም ትንሽ ነው፣ አሠራሩም ቀላል ነው። በ2008 በኤልኒኞ ምክንያት ድርቅ ሲመጣ ካባ የሚባል በሌለበት ቀበሌ ሁሉ ምንጭ ደርቋል። ዝናቡ ካልተመዘገበ "ድርቁ ነው" የሚለውን መልስ ማንም ሊክደው ወይም ሊያረጋግጠው አይችልም። ሌላው ጥሩ ዘዴ ካባ ከሌለበት ጎረቤት ሸለቆ አንድ ምንጭ መርጦ አብሮ መለካት ነው፣ ሁለቱም እኩል ከቀነሱ ሰማዩ ነው፣ ካባው ስር ያለው ብቻ ከቀነሰ ግን ጥያቄው ወደ ካባው ይሄዳል።

ስለ አቀዳዱ ጥቂት ልበልና ልለፈው። ፒኤችና ሙቀት እዛው ወንዙ ዳር ነው የሚለካው፣ ጠርሙስ ውስጥ ተይዞ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ እስኪደርስ ይለወጣል። መለኪያው ከመውጣቱ በፊት በሚታወቅ ፈሳሽ መስተካከል አለበት። ለብረታ ብረት የሚቀዳው ናሙና ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፣ አለዚያ ብረቱ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይጣበቅና ላብራቶሪ "የለም" ይላል። ሌላው በበረዶ ሳጥን ይሄዳል። ማን ቀዳው፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ተረከበው የሚለው ይጻፋል። ሁለት የነዋሪ ተወካይና አንድ የድርጅቱ ሰው ሲቀዳ ቆመው ይዩ፣ ይፈርሙም። ይቺ ፊርማ ነች በኋላ "እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት" የሚለውን ክርክር የምታስቀረው።

ይሄን ሁሉ ማጋነን ነው የሚል ካለ ዛምቢያን ይይ። የካቲት 2017 ላይ ቻምቢሺ አካባቢ የአንድ መዳብ ማዕድን ፍሳሽ ማቆሪያ ግድብ ተደርምሶ አሲድ ያለበት ቆሻሻ ምዋምባሺ ጅረት፣ ከዛም ካፉዌ ወንዝ ገባ፣ ዓሣው አለቀ፣ የኪትዌ ከተማ የቧንቧ ውሃ ተቋረጠ። ከዛ በኋላ "ስንት ነው የፈሰሰው?" የሚለው ጥያቄ ራሱ ለወራት አከራከረ። እዚሁ አገራችንም በ2010 የለገደንቢ ወርቅ ማውጫ ፈቃድ ሰዉ ስለ ጤናውና ስለ አካባቢው ጮሆ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው የታገደው። ነገሩ እዛ ደረጃ ከመድረሱ በፊት በየወሩ የሚለጠፍ፣ ሁሉም የሚያምነው ቁጥር ቢኖር ኖሮ ውይይቱ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሕጉ ደሞ ሰዉ ከሚያስበው በላይ በሩን ከፍቷል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ያስቀምጣል። በ1995 የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ 299 ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና የሕዝብ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ይላል፣ ማለትም የዛን ካባ የጥናት ሰነድ "አሳዩን፣ የውሃው መነሻ ቁጥር የቱ ገጽ ላይ ነው?" ብሎ መጠየቅ የማንም መብት ነው። አብሮት የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300 አንቀጽ 11 ደሞ ማንኛውም ሰው፣ እኔ በቀጥታ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል ይላል፣ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካጣ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ግን ፍርድ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ዳኛው "ድሮ ስንት ነበር?" ብሎ ነው የሚጠይቀው።

መለካቱን ለድርጅቱ ብቻ መተው ትክክል አይመስለኝም፣ ለነዋሪው ብቻ መተውም ትክክል አይደለም። ወጪውን ድርጅቱ ይሸፍን፣ የብረታ ብረቱን ምርመራ ገለልተኛ ላብራቶሪ ይሥራ፣ የየሳምንቱን የውሃ መጠን፣ ድፍርስነትና ኮንዳክቲቪቲ ደሞ የቀበሌው ሰው ይያዘው፣ አስረኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ በሁለት ቀን ሥልጠና ይችለዋል። ውጤቱ መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ቦኖው ጋ፣ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ከላይ ስንት፣ ከታች ስንት ተብሎ፣ ሰው በሚገባው አማርኛ። አንድ ቁጥር ካለፈ ማን ለማን በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚደውል፣ ቦኖው መቼ እንደሚዘጋ፣ ውሃ በቦቴ ማን እንደሚያመጣ አስቀድሞ ይጻፍ፣ አለዚያ መለካቱ ብቻውን መዝገብ መሙላት ነው።

ያ የነገርኳችሁ ምንጭ ጋ አሁን አንድ ልጅ ደብተር ይዟል። የድሮው ቁጥር ጠፍቷል፣ አይመለስም፣ ካባውም ሥራ ላይ ነው። ግን ከዛ ገደል ማዶ ሌላ ሥፍራ ለካባ ሊሰጥ ነው እየተባለ ነው፣ ከሱ በታች ደሞ ሌላ ምንጭ አለ፣ ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱም ጋ ጀሪካን ይዞ ይሄዳል። የማዶው ምንጭ ደብተር ላይ የመጀመሪያው መስመር "80 ሴኮንድ፣ ጥርት ያለ፣ ዝናብ የለም" ይላል።